ያልተተረጎመው ወንድም

ሰኞ፣ ወደ ምዕራብ

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ስነሳ የመሄድ ፍላጎት አልነበረኝም። ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል። የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ሁልጊዜ ጓጉቶ የሚነሳ ይመስላል፤ እኔ የተነሳሁት ደክሞኝ ነው። ሰው ማዳመጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው፤ ኪኒን የለውም፣ መርፌ የለውም። ታካሚና ባለሙያ ፊት ለፊት ተቀምጠው የዛሬው ሕመም ከቆየ ኀዘን፣ ከቆየ ፍቅር፣ ከቆየ ቂም ጋር በምን እንደተሳሰረ በንግግር ይፈልጋሉ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሰው ሲያወራኝ ዓይኔ የግድግዳውን ሰዓት እየፈለገ አስቸገረኝ።

የጉዞዬ ምክንያት እንዲህ ነው። ነቀምቴ ውስጥ ስምንት የጤና ባለሙያዎች ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማዋ የመጡ ሰዎችን እንዲያማክሩ ተመድበዋል። አንድ ሳምንት አብሬያቸው ሆኜ እንዳሠለጥናቸውና ታካሚም አብሬያቸው እንድቀበል ተጠየቅሁ። እምቢ የምልበት ምክንያት ስፈልግ ቀኑ ደረሰ። እዚህ የማነሳቸው ሰዎች ታሪካቸውን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን ቀይሬዋለሁ።

ሾፌሩ ዝምተኛ ነበር፤ ደስ አለኝ። ሆለታን፣ ጊንጪን አለፍን። አምቦ ላይ ሻይ ጠጣን፣ ጉደርን ተሻገርን፣ ጌዶ ስንደርስ ጉሙ ከመኪናው መስታወት ጋር ተጣብቆ መንገዱን ከለለብን። ከዚያ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ ባኮ ስንገባ ሹራቤን አውልቄ ጭኔ ላይ አኖርኩት። መንገዱ ግራና ቀኝ በቆሎ ነው። ሴቶች ማንጎ በላስቲክ ሳፋ ደርድረው መኪና በቆመ ቁጥር ይሮጣሉ። አራት ማንጎ ገዛሁ፤ አንዱን እንደ ሕፃን እጄን እስኪያጣብቀኝ በላሁ።

ከባኮ ወዲያ ሦስት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን። ሦስተኛው ኬላ ላይ ሻንጣዬን የሚበረብረው ወጣት መታወቂያዬን አየና፣

«የምን ሐኪም ነዎት?» አለኝ።

«ሰው የማዳምጥ።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒት የለውም።»

ሻንጣውን ዘግቶ ሰጠኝ። «ባዶ እጅዎን ነው እንዴ የሚሄዱት?» አለ። ሊያላግጥብኝ አልነበረም፤ ከልቡ አዝኖልኝ ነው። መኪናው ውስጥ ተመልሼ ስገባ ጥያቄው አብሮኝ ገባ።

ነቀምቴ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ያረፍኩት ጨለለቂ በሚባል ሰፈር፣ ከታች ሱቅ ከላይ አልጋ ያለው ቤት ነው። ባለቤቱ አቶ ሽኩር ይባላሉ፤ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። አንዱን ደንበኛ በኦሮምኛ እየተከራከሩ፣ ሌላውን በአማርኛ እየሸኙ፣ ቁልፉን በሦስተኛው ቋንቋ ልጃቸውን ጠርተው አሰጡኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተጋደምኩ።

ማክሰኞ፣ አንጀትና ሆድ

ሥልጠናው ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር በአንድ አዳራሽ ነበር። ዝናቡ ክረምት ሊወጣ ሲል የሚያደርገውን እያደረገ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል፤ እኔ እየጮህኩ ስለ ዝምታ አስተምራለሁ። «ታካሚው ዝም ሲል አትቸኩሉ። ዝምታውን ተዉለት» አልኩ።

ከፊት የተቀመጠ ሰይድ የሚባል ጎልማሳ እጁን አወጣ። እናት አባቱ በድርቁ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ የተወለደው እዚህ ነው። «ይቅርታ ዶክተር፣ እዚህ እኮ እንግዳ መጥቶ ዝም ብለው ካዩት ‹ምን አጥፍቼ ነው› ብሎ ነው የሚሄደው» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ዶክተር አይደለሁም፤ ማረም ስለሰለቸኝ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ማስተማሩን ትቼ ጠየቅኋቸው። ሰው እዚህ አገር ሲያዝን ምን ይላል? ከመስኮቱ አጠገብ የነበረች ነርስ «ገራን ኮ ጉበቴ» አለች። ሆዴ ተቃጠለ ማለት ነው። አማርኛውም «አንጀቴ አረረ» አይደል? ከመጽሐፍ የተማርኩት «ድባቴ» የሚለው ቃል በሁለቱም ቋንቋ እሳት የለውም። ያን ቀን ከያዝኩት ማስታወሻ እስከ ዛሬ የረባኝ ይሄ ብቻ ነው።

ነርሷ ሌሊሴ ትባላለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትንሽ ታወራለች፣ ሰው ሲናገር ግን መላ ፊቷን ትሰጠዋለች። እንዲህ ያለው ነገር በሥልጠና አይመጣም። ለነገው ታካሚ አስተርጓሚዬ እንድትሆን መረጥኳት። ትንሽ አመንትታ «እሺ» አለች። ማመንታቷን አይቼ ምክንያቱን አልጠየቅኋትም፤ ደክሞኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኦቦ ደበላ

ኦቦ ደበላ፣ በአማርኛው አቶ ደበላ፣ ከስልሳ ያለፉ ገበሬ ናቸው፤ ከቤተሰባቸው ጋር ከቀያቸው ተፈናቅለው ነቀምቴ ዘመድ ቤት ተጠግተዋል። «ጀርባዬን እሳት ይልሰኛል» እያሉ ያልሄዱበት ክሊኒክ የለም። ራጅ ተነሱ፣ ደም ሰጡ፣ ምንም አልተገኘም።

ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ልጆች፣ ከብት፣ ዝናብ፣ መንገድ፣ ሁሉም ተጠየቀ። እኔን «አዴ»፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ አሉኝ፤ ሌሊሴን «ኢንተለ ኮ»፣ ልጄ። እኔ በተማርኩበት መንገድ ታካሚ በሕይወቱ ለነበረ ሰው ያለውን ስሜት ሳያውቀው ባለሙያው ላይ ያሳርፋል፤ ያንን ለማየት ወራት ይፈጃል ይባላል። እዚህ ሰውየው ገና ሳይቀመጡ አባት ሆነው ገቡ።

ከዚያ ማውራት ጀመሩ። ረጅም ያወራሉ፣ ሌሊሴ አጭር ትተረጉማለች። «ጀርባቸውን ያቃጥላቸዋል፣ እንቅልፍ የላቸውም።» እንደገና ያወራሉ፤ እጃቸው ወደ ኋላ ይጠቁማል፣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «መንገዱ ረጅም ነበር ነው የሚሉት።» ማስታወሻዬ ላይ «ታካሚው ልባቸውን አይከፍቱም» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ሳየው ያሳፍረኛል።

ኦሮምኛ አልችልም፤ የማውቃቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። አንዱ ግን «ኦቦሌሳ» ነው፣ ወንድም። ያን ቃል ሰማሁት። እንደገና ሰማሁት። መቁጠር ስጀምር አምስተኛው ላይ ደረስኩ። በትርጉሙ ውስጥ ግን ወንድም የሚባል ሰው የለም።

«ሌሊሴ፣ ኦቦሌሳ ወንድም ማለት አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ ስለ ወንድም አንድም ነገር አልነገርሽኝም።»

እጇ ላይ ያለውን የታካሚ ካርድ ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ገለበጠችው። «ውሃ ላምጣላቸው» አለችና ወጣች። አልተመለሰችም።

እኔና ኦቦ ደበላ ያለ ቋንቋ ቀረን። እሳቸው ከገበያ የለቀሟት ትንሽ አማርኛ አለቻቸው። በሩን አይተው ወደኔ ዞሩ።

«አዴ፣ ይሄ ልጅ ሆዱ ታሟል።»

«ሌሊሴ?»

«አዎ። እኔ ያወራል፣ እሱ ይታመማል። አላወቅሽም?»

«አላወቅሁም» አልኳቸው።

«እኔ አውቋል» አሉ። ሲሄዱ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ሊታከሙ የመጡት ሰው አስተርጓሚዬ መቁሰሏን አይተዋል፤ አስተማሪዋ እኔ ቃል እየቆጠርኩ ነበር።

ማታ ከታች ሱቁ አጠገብ ካለው ምግብ ቤት አንጮቴ አዘዝኩ፤ የወለጋ ሥራ ሥር ነው፣ ተቀቅሎ በቅቤ ይሰራል፣ ቃሪያው ያቃጥላል። አቶ ሽኩር ሱቃቸውን እየዘጉ መጥተው ተቀመጡ። ሥራዬን ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«እኔም ጋ ይመጣሉ» አሉኝ። «አንድ ክብሪት ሊገዛ የመጣ ሰው ሰዓት ሙሉ ይቆማል። ቤቱን ያጣ አለ፣ ልጁን ያጣ አለ።»

«ምን ይሏቸዋል?»

«ምን እላለሁ! ክብሪቱን ቶሎ አልሰጥም።»

ሐሙስ፣ ቡርቃ ጃቶ

ሌሊሴ አልመጣችም። ኦቦ ደበላ ግን በቀጠሯቸው ተገኙ፤ ሰይድ ሊተረጉምልኝ ተቀመጠ። ሁለቱንም ቋንቋ ከጡት ጋር ነው የጠባው፤ አንዲት ቃል አያስቀርም። የሚተረጎመው ነገር ግን ጠፋ። «ደህና ነኝ» አሉ። «ዋቃ ይመስገን» አሉ። በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ ሰይድ ቃሉን እንዳለ ደግሞ ተረጎመልኝ፦

«‹ኢንተለ ኮ ነን ኤገ።› ልጄን እጠብቃለሁ ነው የሚሉት።»

ከሰዓት በኋላ የሌሊሴን ቤት ጠይቄ ሄድኩ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ከአንድ ግቢ በስተኋላ የተከራየቻት ክፍል ናት። ቀዩ ጭቃ ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስወለቀኝ። በሩ ላይ ስታየኝ አልደነገጠችም፤ ወንበር አውጥታ በጨርቅ ጠረገችልኝ።

«አጠፋሁ» አለች።

«ልወቅስሽ አልመጣሁም። ምን ሆነሽ ነው?»

ታላቅ ወንድሟ ገመቹ አስተማሪ ነበር። ከዓመት በፊት ከጊምቢ፣ ከእናታቸው ቤት፣ ለሁለት ቀን ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የለም። ሞተ የሚል ሰው አልመጣም፤ አየሁት የሚልም አልመጣም። ሬሳ ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጡም። ጎረቤት እንኳ ምን ብሎ እንደሚጠይቃቸው ስለማያውቅ መንገድ ይቀይራል።

«እሳቸው ‹ኦቦሌሳ ኮ› ሲሉ ቃሉ አፌ ላይ ይደርስና ይቆማል» አለች። «‹ወንድሜ› ብዬ ብተረጉመው የእኔ ይሆናል።»

ጉልበቴን ያዘች።

«ቅዳሜ እናቴ ጋ ጊምቢ ልሄድ ነው። አብረውኝ ይምጡ። ይንገሯት።»

«ምን ብዬ?»

«ሞቷል ብለው። ትልቅ ባለሙያ ነዎት፣ ታምንዎታለች።»

«ሌሊሴ፣ እኔ አላውቅም እኮ።»

«እኔም አላውቅም። ግን ማልቀስ እፈልጋለሁ። እሷ ሳትፈቅድ እንዴት አለቅሳለሁ?»

አብሬያት እንደምሄድ ነገርኳት፤ እናቷን ግን የማላውቀውን ነገር እንደማልነግራቸውም ነገርኳት። ደስ አላላትም። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘችኝ።

ዓርብ፣ አይከብድም ነበር

ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። ከኦቦ ደበላ ቀድማ መጥታ ወንበሮቹን አስተካክላ አገኘኋት። ሲገቡ በኦሮምኛ ጥቂት ነገር ነገረቻቸው። ምን እንዳለች ስጠይቃት «ይቅርታ ጠየቅኋቸው» አለችኝ። ሽማግሌው እንደገና «ኢንተለ ኮ» አሏት፣ ተቀመጡ፣ ጀመሩ።

በዚህ ቀን ሌሊሴ «እሳቸው እንዲህ ይላሉ» ማለቱን ተወችው። ቃላቸውን ተቀብላ በራሷ አፍ ተናገረችው።

«ወንድሜ እግሩን ታሞ ነበር። ስንሸሽ ወንዝ ዳር ደረስን። ውሃው ሞልቷል። ‹አንተ ልጆቹን አሻግር፣ እኔ ቀስ ብዬ እከተላለሁ› አለኝ። ልጆቹን አሻገርኩ። ዞሬ ሳይ ሰው እየሮጠ ነው፣ ጩኸት ነው። መመለስ አልቻልኩም። ወንድሜን ትቼው መጣሁ።»

የመጨረሻውን ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። የማን ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ለይቼ መናገር አልችልም። እንባዋ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም፣ መተርጎሙንም አላቆመችም።

እኔ የምለው ነገር ነበረኝ። ሃያ ዓመት የተማርኩት ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ነበር፦ የሚቃጠለው ጀርባ ወንድምዎን ያልተሸከሙበት ጀርባ ነው፣ ወዘተ። ምናልባት ትክክል ነው። ግን ልናገረው አፌን ስከፍት ሌሊሴ ቀደመችኝ። እኔን ሳትጠይቅ አንድ አጭር ነገር ጠየቀቻቸው። በኋላ እንደነገረችኝ ጥያቄዋ «ወንድምዎ ይከብድ ነበር?» የሚል ነው።

ኦቦ ደበላ እጃቸውን ወደ ጀርባቸው ሰደዱ። ከዚያ መለሱላት፤ እሷም ለእኔ፦

«አይከብድም ነበር።»

አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ የትከሻው አጥንት ይታያል። ሌሊሴ ወንበሯን ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ እኔ ካስተማርኩት ርቀት ውጪ ነበር፣ አላስቆምኳትም። እሳቸው ሲረጋጉ የእሷን ጠየቋት። ስለ ገመቹ ነገረቻቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፣ እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አድርገው መረቁ፤ ዋቃ ሆድሽን ያቀዝቅዝልሽ አሏት።

ሲወጡ ጀርባዎ እንዴት ነው አልኳቸው። «ያው ነው» አሉ። ከሰይድ ጋር በየሳምንቱ ዓርብ ሊገናኙ ተስማሙ፤ ሌሊሴም አብራ እንድትቀመጥ ጠየቁ።

ቅዳሜ፣ ጊምቢ

ዲጋን አልፈን ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ አፍ ያደርቃል። ድልድዩን ስንሻገር ሌሊሴ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳገቱ፣ ደኑ፣ ቀዩ አፈር፤ ጊምቢ በኮረብታዎቿ ላይ ተበትና ጠበቀችን።

እናቷ አዴ ጫልቱ ቀጭን፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። ከዘይትና ከቅመም ሱቃቸው ተጠርተው መጡ። የክብር እንግዳ ስለሆንኩ ጩምቦ ቀረበልኝ፤ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ነው፣ በቅቤና በአይብ ተለውሶ። የመጣሁበትን እንድናገር የሚጠብቁ ይመስል አንዴ ልጃቸውን አንዴ እኔን እያዩ «ብዪ፣ ብዪ» ይሉኛል።

ከበላን በኋላ ስልካቸውን አወጡ። ሌሊሴ ጆሮዬ ላይ «ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውልለታለች» አለችኝ። ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ። ያ የታወቀው የተቀዳ የሴት ድምፅ ወጣ፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም። አዴ ጫልቱ ስልኩን ዘግተው ወደኔ ዞሩ። ሌሊሴ ተረጎመችልኝ፦

«‹ሰማሽ? አሁን ማግኘት አይችሉም ነው የምትለው። ሞተ አላለችም።›»

ሌሊሴ አየችኝ። ዓይኗ ይንገሯት ይል ነበር። ዝም አልኩ። ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ዝምታ አልነበረም፤ የምለው ስላልነበረኝ ነው።

ያኔ ሌሊሴ ከወንበሯ ተነሳችና ከእናቷ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። በቋንቋቸው ብዙ ተነጋገሩ። እናትየው አንድ ጊዜ ጮኹ፤ አንድ ጊዜ ተነስተው ወደ ጓዳ ሄደው ተመለሱ። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የገመቹን የምረቃ ፎቶ ሳይ ቆየሁ። ሰው አላደመጥኩም፣ ሰዓትም አልፈለግሁም። በመጨረሻ አዴ ጫልቱ የልጃቸውን ነጠላ ከትከሻዋ አንስተው አዘቅዝቀው አለበሷት፣ ለቀስተኛ እንደሚለብሰው። ሌሊሴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዓመት ሙሉ የታሰረ ነገር ነበርና ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ መጣ።

ምን እንደተባባሉ የነገረችኝ መኪናው ጋ ስትሸኘኝ ነው። እሷ ሦስት ቀን እዚያው ልትቆይ ነበር።

«‹እማ፣ አንቺ ጠብቂው፣ እኔ ግን ላልቅስ› አልኳት። መጀመሪያ ወንድምሽን ልትገድዪው ነው ብላ ጮኸችብኝ። ኋላ ግን ‹እሺ› አለች። ‹አንቺ አልቅሺ። እኔ እደውላለሁ› አለችኝ።»

እሑድ፣ ቤት

ነቀምቴ አድሬ እሑድ ጠዋት ተነሳሁ። መንገዱ ያው ነው፣ ፍተሻው ያው ነው፣ ጌዶ ላይ ጉሙ ያው ነው። ወገቤ ታመመ። ባለቤቴ በር ከፍቶ «እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ደህና» ልል ነበር፤ ተቀመጥኩና የምነግረውን ነገርኩት። ራቱ ቀዘቀዘ።

ምን ተማርኩ? ድካሜ አልለቀቀኝም፤ ይህን ስጽፍም አለ። ሥራውን እቀጥል እንደሆነ አልወሰንኩም። የሩቅ አገር ሰዎች የጻፉትን ሕክምና ወለጋ ወስጄ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ልፈትሽ የሄድኩ መስሎኝ ነበር። የረሳሁት፣ ሕክምናውን ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሰው የራሱ ሆድ ያለው መሆኑን ነው። ኀዘን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው የሚያልፈው በአንድ ሰው አንጀት በኩል ነው፤ ያ ሰው ከታመመ ቃሉ እዚያው ይቀራል። ከእንግዲህ ማንንም ከማሠልጠኔ በፊት «አንተስ ማንን አጣህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሌላው፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ኀዘን አብሮ መኖር እንደሚችል ነው። እኔ በመጽሐፌ አንዱን ትክክል፣ ሌላውን እውነትን መካድ ብዬ እለየው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሌሊሴ መልእክት ላከችልኝ። ሦስቱን ቀን ሰው ሲጎርፍ እንደሰነበተ፣ መንገድ ይቀይሩ የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ እንደመጡ ጻፈች። እናቷ ለቀስተኛውን ሲያስተናግዱ፣ ምግብ ሲያቀርቡ፣ እጅ ሲያስታጥቡ ነበሩ፤ አንዴም አልተቀመጡም። ሰው ሊያጽናናቸው እጃቸውን ሲይዛቸው ግን ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ብቻ ይሉ ነበር አለችኝ፦

«እሷ ጋ ሂዱ። እኔ ገና ነኝ።»